የስኩባ ሥልጠናና የጠላቂ ካርድ፦ ማን ይሰጣል? ምን ይጠቅማል?

ስኩባ ማለት አየር የታመቀበት ሲሊንደር ተሸክሞ ውሃ ውስጥ እየተነፈሱ መቆየት ነው። ሲሊንደር ለመከራየት መጀመሪያ የሚጠየቀው መሠልጠንን የሚያሳይ ካርድ ነው። ካርዱን በአብዛኛው አገር መንግሥት አይሰጥም፤ የሚሰጡት ፓዲ፣ ናዊ፣ ኤስኤስአይና ሲማስን የመሳሰሉ የመጥለቅ ሥልጠና ድርጅቶች ናቸው። እስራኤል ትለያለች። እዚያ ከ1979 ጀምሮ የመዝናኛ ጠላቂዎች ሕግ ስላለ በቀይ ባሕር ዳርቻዋ ከተማ በኢላት የሚጠልቅ ሰው ኢንሹራንስም ይጠየቃል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መሣሪያው ከትምህርቱ ቀድሞ ነው የመጣው። ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን በ1943 ፈረንሳይ ውስጥ አኳላንግ የተባለውን የውሃ ውስጥ መተንፈሻ ሠሩ። ገበያ ላይ ሲውል ብዙ ሰው ገዝቶ ሳይማር ባሕር ገባ። አደጋው ደግሞ በዓይን አይታይም። 10 ሜትር ጥልቀት ላይ ወደ ሳንባ የገባ አየር ጠላቂው ከውሃው ወለል በላይ ብቅ ሲል መጠኑ እጥፍ ይሆናል፤ ትንፋሹን ይዞ የወጣ ሰው ሳንባው ሊቀደድ ይችላል። ስለዚህ መማር የግድ ሆነ። እንግሊዞች በ1953 የብሪታንያን ሳብ-አኳ ክለብ አቋቋሙ። አሜሪካ ውስጥ አል ቲልማንና ባልደረቦቹ በ1950ዎቹ አጋማሽ በሎስ አንጀለስ ካውንቲ ስም አስተማሪዎችን ማሠልጠን ጀመሩ። የመጀመሪያው የሕዝብ ሥልጠና ይህ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። በ1959 ሞናኮ ላይ ሲማስ ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ኩስቶ ነበር። በ1960 ቲልማን ከኒል ሄስ ጋር ናዊን መሠረተ፤ የመጀመሪያው የአስተማሪዎች ኮርስ ሂዩስተን ላይ ተሰጠ። በ1966 የመጥለቂያ ዕቃ ሻጩ ጆን ክሮኒንና የዋና አስተማሪው ራልፍ ኤሪክሰን ኢሊኖይ ውስጥ ፓዲን አቋቋሙ። ረጅሙን ትምህርት በደረጃ ከፋፍለው ለተራው ሰው አቀረቡት። ኤስኤስአይ በ1970 ተከተለ።

የቱ ይሻላል? ዛሬ ትልልቆቹ ድርጅቶች አይኤስኦ 24801 የተባለውን ዓለም አቀፍ ደረጃ ስለሚከተሉ ካርዳቸው በየአገሩ ይሠራል። አብዛኛው የጀማሪ ካርድ እስከ 18 ሜትር ያስኬዳል። ልዩነቱ አመለካከት ላይ ነው። ፓዲ የትም ቦታ አንድ ዓይነት መመዘኛ እንዲሠራ ይፈልጋል። ናዊ አስተማሪው ከዝቅተኛው መመዘኛ በላይ እንዲጨምር ይፈቅዳል፤ ከማሳለፉም በፊት «የምወደውን ሰው ከዚህ ተማሪ ጋር አጠልቀዋለሁ ወይ?» ብሎ ራሱን እንዲጠይቅ ያስተምረዋል። ከዚህ የተሻለ ፈተና አላየሁም።

እውነቱን ለመናገር ግን ከድርጅቱ ስም ይልቅ አስተማሪው ይበልጣል። ማስክ (ዓይንና አፍንጫን የሚሸፍነውን መስተዋት) ማጽዳትን እንውሰድ። ተማሪው ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ተንበርክኮ ማስኩን ሆን ብሎ ውሃ ያስገባበታል። ከዚያ የላይኛውን ጠርዝ በጣቱ ይጫናል፣ ቀና ይላል፣ በአፍንጫው አየር ወደ ውጭ ያስወጣል፤ ውሃው በታች በኩል ይወጣል። ጎበዝ አስተማሪ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ዓይን ዓይኑን እያየ ይጠብቀዋል፣ እስኪረጋጋም ያስደጋግመዋል። ቸኳይ አስተማሪ አንዴ ካየ በቃው። ከመክፈልዎ በፊት በአንድ አስተማሪ ስንት ተማሪ እንደሚገባ ይጠይቁ። ፓዲ ረዳት ለሌለው አስተማሪ ባሕር ላይ ከ8 በላይ አይፈቅድም፤ 4 ከሆነ ደግሞ ዕድለኛ ነዎት። የጤና መጠይቁን ሳያስሞላ ውሃ የሚያስገባ ቤት ካጋጠመዎት ይውጡ።

አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው አንድ ጉዳይ ይጨመርበታል። ጠላቂ ጥልቀት ላይ ሲቆይ ናይትሮጅን ደሙ ውስጥ ይሟሟል። የአምቦ ውሃ ክዳን ሲከፈት አረፋው እንደሚፈላ ሁሉ፣ ሰውነትም ግፊቱ ቶሎ ሲቀንስበት አረፋ ይፈጥራል። ዳን የተባለው የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት ተደጋግሞ ከተጠለቀ በኋላ አውሮፕላን ለመሳፈር ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት ይመክራል። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ያህል ይሆናል። አዲስ አበባ ራሷ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጅቡቲ ጠልቆ በመኪና ወይም በባቡር የሚመለስ ሰውም እንደ አውሮፕላን ተሳፋሪ ሰዓቱን ቆጥሮ ነው መነሳት ያለበት።