ፖዶኮኒዮሲስ ምንድን ነው? ከምንረግጠው አፈር የሚመጣው የእግር እብጠት

ፖዶኮኒዮሲስ ከአፈር የሚመጣ የእግር እብጠት ነው። ጀርም የለበትም። ትል የለበትም። ትንኝ አታስተላልፈውም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። ለዓመታት በባዶ እግሩ ቀይ የሸክላ አፈር ሲረግጥ የኖረ ሰው ላይ ቀስ እያለ የሚወጣ በሽታ ነው።

አይጋባም ያልኩትን አደራ ያዙልኝ። ስለዚህ በሽታ ለጎረቤት አንድ ነገር ብቻ የምትነግሩ ከሆነ እሱን ንገሩ። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ገጠር ያደገ ሰው በሽታውን በዓይኑ ያውቀዋል። ብዙ ቦታ ዝሆኔ ይባላል። ችግሩ በዚህ ስም የሚጠሩት በሽታዎች ሁለት መሆናቸው ነው። አንደኛው ሊምፋቲክ ፊላሪያሲስ ነው። እሱን የሚያመጣው ትንኝ የምታስተላልፈው ቀጭን ትል ሲሆን፣ እንደ ጋምቤላ ባሉ ቆላማ ቦታዎች ይገኛል። ለኅብረተሰቡ መድኃኒት በማደል ስርጭቱን መግታት ይቻላል። ሁለተኛው ፖዶ ነው፤ የጤና ባለሙያዎች አሳጥረው እንዲህ ይሉታል። ፖዶ የደጋና የወይና ደጋ በሽታ ነው። የትል መድኃኒት ቢወስዱለት አይሽርም፤ የሚገደል ትል የለማ።

ሐኪም ሁለቱን የሚለይበት ምልክት አለው። ፖዶ ከእግር ጣቶችና ከውስጥ እግር ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበት አያልፍም። ሁለቱንም እግር ይይዛል፣ ግን እኩል አያሳብጥም። የትሉ በሽታ ግን ብሽሽትንና የወንድ ዘር ከረጢትን ጭምር ሊያሳብጥ ይችላል። ከሥጋ ደዌ ጋርም የሚያምታቱት አሉ። ሥጋ ደዌ ስሜት ያደነዝዛል፤ የፖዶ ሕመምተኛ ግን ጣቱን ሲነኩት ይሰማዋል።

አፈር ሰውን እንዴት ያሳምማል? የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በሙቀትና በብዙ ዝናብ ለረጅም ዘመን ሲፈራርስ ቀይ ሸክላ ይሆናል። በውስጡ እጅግ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች አሉ። በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት በሽታው ከሚበዛበት አፈር ጋር አብረው የተገኙትን ለይቷል፦ ስሜክታይት፣ ማይካና ኳርትዝ። እነዚህ ቅንጣቶች በእግር ቆዳ አልፈው ይገባሉ። የሰውነት መከላከያ ሴሎች ይውጧቸዋል፤ ግን ማዕድን ነውና ሊያጠፉት አይችሉም። ቦታው ይቆጣል። ቁጣው ሲደጋገም ጠባሳ ይሠራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሊምፍ የሚባለው ፈሳሽ ከእግር ወደ ላይ በሚመለስባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ነው። ቱቦዎቹ ደለል እንደሞላው የመስኖ ቦይ ይደፈናሉ። ፈሳሹ መሄጃ ሲያጣ እዚያው እግር ውስጥ ይቀራል።

ይህን ምስጢር በማውጣት ስሙ የሚነሳው ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ የሕመምተኞችን የሊምፍ ዕጢ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መረመረ፤ የአፈር ማዕድናትንም እዚያ ውስጥ አገኘ። በሽታው የሚታየው ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ባላቸው፣ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር የበለጠ ዝናብ በሚያገኙ ቀይ አፈር አካባቢዎች መሆኑንም አሳየ። ልብ በሉ፣ ይህ ለእርሻ የሚመረጠው መሬት ነው። ሰው የሰፈረው፣ ጤፉና እንሰቱ የበቀለው እዚያ ነው።

ስንት ሰው ታሟል? ለረጅም ጊዜ ግምት ብቻ ነበር። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2013 ተመራማሪዎች የበሽታውን አገር አቀፍ ካርታ ለመሥራት ተነሡ። ከ1,300 በላይ ቀበሌዎች ተዳረሱ፤ ወደ 130,000 የሚጠጉ ሰዎች ታዩ። ከበደ ደሪቤና ባልደረቦቹ ውጤቱን ሲያሳትሙ፣ ከታዩት አዋቂዎች 4 በመቶው በሽታው እንዳለባቸው ተገለጠ። በዚያ ላይ ተመሥርቶ የተሠራው ስሌት በኢትዮጵያ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕመምተኛ እንዳለ፣ ወደ 35 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ደግሞ ለበሽታው በሚያጋልጥ አካባቢ እንደሚኖር አመለከተ። በዓለም ላይ አለ የሚባለው ሕመምተኛ 4 ሚሊዮን ገደማ ነው። ካሜሩን፣ ሩዋንዳና ኡጋንዳም አለባቸው። በኡጋንዳ ካምዌንጌ እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ የትሉ በሽታ ነው ተብሎ የተጠረጠረው ተመርምሮ ፖዶ ሆኖ ተገኝቷል። ዝሆኔን በጅምላ ዝሆኔ ማለት እንዲህ ያሳስታል።

ከኢትዮጵያ ውጭ አንድ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ። በሰሜን አፍሪካ አገሮችና በካናሪ ደሴቶች በሽታው ድሮ ነበር፤ ዛሬ የለም። ክትባት አልተገኘለትም፣ መድኃኒትም አልተሠራለትም። የጠፋው ሰዉ ጫማ መልበስ ስለለመደ እንደሆነ ይታመናል።

እዚህ ላይ ጥያቄ ይነሳል። አንድ ቤት ያደጉ፣ አንድ ማሳ የረገጡ ልጆች አሉ። አንዱ ይታመማል፣ ሌላው አይነካውም። ለምን? መልሱ በከፊል በዘር ነው። በወላይታ የተደረገ ጥናት የሕመምተኛ ወንድም ወይም እህት በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳየ። ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት፣ ኤችኤልኤ በሚባሉ የመከላከያ ጂኖች ላይ ያለ ልዩነት ለበሽታው የበለጠ እንደሚያጋልጥ አረጋገጡ። በአጭሩ አንዳንድ ሰው ሲወለድ ጀምሮ ሰውነቱ ለአፈሩ ቅንጣት ይቆጣል። ሌላው ሰው ያንኑ አፈር ረግጦ በሰላም ይኖራል።

ነገር ግን ይህን ለሰው መንገር ቀላል አይደለም። ዘር የሚለው ቃል በአገራችን ብዙ ጣጣ አለው። በዘሩ አለ ከተባለ ልጅ አይዳርለትም፤ የሕመምተኛው እህት ጤነኛ ሆና ሳለ ጠያቂ ታጣለች። ተመራማሪዎቹም ይህን ስላወቁ የጂኑን ጥናት ከመጀመራቸው በፊት ኅብረተሰቡን አነጋግረው ነበር። ሰዉም ስጋቱን በግልጽ ነገራቸው፦ በሽታው የዘር ነው የሚለው ወሬ በጥናት ስም ከተነዛ ማግለሉ ይብሳል አለ። ስለዚህ ሲያስረዱ የአፈሩን ድርሻ አጉልተው መናገር ነበረባቸው። ትክክልም ነው። ምክንያቱም ጂኑ ብቻውን ማንንም አያሳምምም። አደጋ ያለበት ጂን ይዞ የተወለደ ልጅ እግሩ ከዚያ አፈር ጋር ካልተገናኘ ፖዶ አይይዘውም።

አሁን አደራ ወዳልኩት ልመለስ። ይጋባል የሚለው እምነት ያደረሰውን ጉዳት ጥናቶቹ አንድ በአንድ መዝግበውታል። ሕመምተኞች ከሠርግና ከለቅሶ ይቀራሉ። ልጆች ትምህርት ያቋርጣሉ። ትዳር ይፈርሳል። እርግማን ነው፣ የእግዜር ቁጣ ነው የሚባልበት አካባቢም አለ። በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት ከፍ ያለ የድብርት ምልክት በሕመምተኞች ዘንድ 12.6 በመቶ፣ በጤነኞቹ ጎረቤቶቻቸው ዘንድ ግን 0.7 በመቶ ሆኖ አግኝቶታል። ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩአቸው። ይህን ሁሉ ያመጣው አፈሩ ብቻ አይደለም። እብጠቱን አፈሩ አመጣው፤ ከማኅበር ገበታ ያስነሳውን ግን እኛው አመጣነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ለምንም ያልጠቀመ መሆኑ ነው። የማይጋባ በሽታ ያለበትን ሰው በመሸሽ ማንም ከምንም አልዳነም።

በኪስ በኩል ያለውም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የወላይታ ጥናት ሕመምተኛው ከሥራ ቀኑ 45 በመቶ ያህሉን እንደሚያጣ፣ ያኔ የ1.5 ሚሊዮን ሕዝብ መኖሪያ በነበረው በዚያ ዞንም ጉዳቱ በዓመት ከ16 ሚሊዮን ዶላር እንደሚበልጥ አስልቷል። ሥራውን የሚያስፈታው እብጠቱ ብቻ አይደለም። ድንገት የሚነሳ ሕመም አለ፦ እግሩ ይግላል፣ ያቃጥላል፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይላል፣ ሰውዬው ለቀናት አልጋ ላይ ይውላል። ባክቴሪያ በተሰነጣጠቀው ቆዳ ሲገባ የሚባባስ ነው።

ሕክምናው ምንድን ነው ብትሉ፣ አብዛኛው ከሱቅ የሚገዛ ነው። እግርን በየቀኑ በሳሙና ማጠብ። በብዙ ውኃ የቀጠነ በረኪና ውስጥ መዘፍዘፍ፤ መጠኑን የጤና ባለሙያ ያሳያል። ከዚያ በደንብ ማድረቅ፣ በተለይ በጣቶች መካከል። ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን መቀባት። ፋሻ መጠቅለል፣ ሲያርፉ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ካልሲና ጫማ መልበስ።

ይህ ይሠራል ወይ? በምሥራቅ ጎጃም ወደ 700 በሚጠጉ ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ ታትሟል። እንክብካቤውን ገና ያልጀመሩት በዓመት በአማካይ 23.9 ጊዜ ያ ድንገተኛ ሕመም ተነሣባቸው፤ በወር ሁለት ጊዜ ማለት ነው። የጀመሩት ግን ወደ 19.4 ወረደላቸው። ከሩቅ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ግን በእርሻና በአጨዳ ወቅት አራት አምስት ጊዜ አልጋ ላይ ከመውደቅ መዳን ለአንድ ገበሬ ቤት ብዙ ነው። ወጪውም ሳሙናና ቫዝሊን ነው። በእኔ አስተያየት ይህ በየጤና ጣቢያው ያለ ክርክር መሰጠት ያለበት አገልግሎት ነው። ኢትዮጵያ ፖዶን እ.ኤ.አ. በ2013 ትኩረት በሚሹ የሐሩራማ አካባቢ በሽታዎች ዕቅዷ ውስጥ ማስገባቷም ትልቅ ነገር ነው።

ወደ መከላከሉ ስንመጣ ሁሉም ጫማ ይላል። እውነት ነው፣ ግን የትኛው ጫማ? መቼ? ጥናቶች ያገኙት አንድ ነገር ገበሬው ጫማ ቢኖረውም ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን መልበሱ ነው። ማሳ ሲገባ ያወልቀዋል። አይፈረድበትም። ጭቃ ተጣብቆ የሚከብድ ጫማ አድርጎ ሞፈር መያዝ ከባድ ነው፤ ብርቅ የሆነውን ጫማ ጭቃ ውስጥ መክተትም ያሳዝናል። ክፍት ጫማ፣ በረባሶም ሆነ ኮንጎ፣ ከምንም ይሻላል፤ ግን አፈር ያስገባል። ልጆች ደግሞ ጫማ የሚያገኙት ብዙ ከረገጡ በኋላ ነው። ስለዚህ ከልጅነት መጀመሩ ይበልጥ ያዋጣል።

አገር አቀፉ ጥናት ግን ከጫማ ሌላ ሁለት ነገሮችን አሳይቷል። እግሩን በየቀኑ የሚታጠብ ሰው በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ያነሰ ነው። የቤቱ ወለል የተሸፈነለትም እንዲሁ። አፈሩ ማሳ ላይ ብቻ አይደለም ያለው፤ ቤት ውስጥም ሲመላለሱበት ይውላሉ። ለመታጠብ ደግሞ ውኃ ያስፈልጋል። ውኃ ለመቅዳት ረጅም መንገድ የምትሄድ ሴት ለምግብና ለመጠጥ የያዘችውን ለእግር መታጠቢያ ማካፈል ይከብዳታል። በዚህ በኩል ሲታይ የፖዶ ጉዳይ የውኃ አቅርቦትና የቤት አሠራር ጉዳይም ነው። ጤና ጣቢያው ብቻውን አይወጣውም።

ዘመድ ያላችሁ፣ በተለይ ገጠር ወላጆች ያሏችሁ፣ ይህን አስታውሱ። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ ነው። መጀመሪያ የእግር ጣቶች መካከልና የእግር ጀርባ ያሳክካል፣ ያቃጥላል። ቀጥሎ ማታ ማታ እግር ያብጣል። ባለሙያዎች በሽታውን በአምስት ደረጃ ይከፍሉታል፤ የመጀመሪያው ደረጃ ሌሊት ተኝተው ሲነሡ የሚሟሽሸው እብጠት ነው። በዚህ ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ ከሄዱና ጫማና እጥበት ከጀመሩ እብጠቱ እንዳይገፋ ማድረግ ይቻላል። ቆዳው ከጠነከረና ኪንታሮት የመሰለ ጉብጉብ ካወጣ በኋላ እንክብካቤው ሕመሙን ያስታግሳል፣ እግሩንም ያሳንሳል፣ ግን ሙሉ በሙሉ ወደ ነበረበት አይመልሰውም።