ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውና ጠርሙሱ ውስጥ ያለው፦ ስለ 1906ቱ የአሜሪካ የመድኃኒት ሕግ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ያመጣላችሁ የቫይታሚን ጠርሙስ ቤት ውስጥ ካለ እስቲ አገላብጡት። አንዳንዶቹ ላይ «ዩ.ኤስ.ፒ.» የሚሉ ፊደላት አሉ። የአሜሪካ ፋርማኮፒያ ማለት ነው። ከ1820 ጀምሮ የሚታተም የመድኃኒቶች ጉልበትና ጥራት መለኪያ መጽሐፍ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

መጽሐፉ ለረጅም ጊዜ የባለሙያዎች መመሪያ ነበር። በ1906 ግን የፌደራል ክስ መሠረት ሆነ። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በዚያ ዓመት ጁን 30 የንጹሕ ምግብና መድኃኒት ሕግን ፈረሙ። ጽሑፉና ይዘቱ ያልተገናኘለት መድኃኒት ሠሪ ፍርድ ቤት መቆም ጀመረ። ስለዚህ ሕግ ሲወራ ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች አሉ፤ አንድ በአንድ ልያዛቸው።

«ከ1906 በኋላ መንግሥት ያልመረመረው መድኃኒት አይሸጥም ነበር»

ይሸጥ ነበር። ሴረምና ክትባት በ1902 በወጣ ሌላ ሕግ ፈቃድ ይጠየቅባቸው ነበር። ለሌላው መድኃኒት ግን ቅድመ ፈቃድ የሚባል ነገር አልነበረም። ሠሪው ያመርታል፣ ይሸጣል። ተቆጣጣሪው ገበያ ላይ ካገኘው ናሙና ይወስዳል። ናሙናው የግብርና ሚኒስቴር የኬሚስትሪ ቢሮ ይገባል፤ ቢሮውን እስከ 1912 የመሩት ሃርቪ ዋይሊ ነበሩ። ጉድለት ከተገኘ ሠሪው ተጠርቶ ይደመጣል፣ ከዚያ ጉዳዩ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ክሱ እስኪመጣ ድረስ በሽተኛው መድኃኒቱን ውጦታል። አዲስ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ደኅንነቱ ይታይ የተባለው በ1938፣ ፈዋሽነቱ ይረጋገጥ የተባለው ደግሞ በ1962 ነው።

«ወንጀል የሚሆነው መጠኑ ሲበዛ ነው፤ ቢያንስ ማንን ይጎዳል?»

ይህ ስህተት ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል፤ ዛሬም ሰዎች እንዲህ ያስባሉና። ሕጉ የሚለው ግልጽ ነው። በፋርማኮፒያው ስም የሚሸጥ መድኃኒት በጉልበቱ ከመለኪያው ከተለየ ጥፋት ነው። መብዛትም ማነስም መለየት ነው።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ዲጂታሊስን እንውሰድ። ከቅጠል የሚዘጋጅ የልብ መድኃኒት ነው። የቅጠሉ ጉልበት እንደ በቀለበት ቦታ፣ እንደ አደራረቁና እንደ አቀማመጡ ይለያያል። በሚያድነውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ደግሞ ጠባብ ነው። አንድ ሕመምተኛ ደካማ ዲጂታሊስ ሲወስድ ከርሟል እንበል። ለውጥ ስለሌለ ሐኪሙ መጠኑን ከፍ ያደርግለታል። ቀጥሎ የሚገዛው ጠርሙስ ሙሉ ጉልበት ያለው ቢሆንስ? የመጀመሪያው ጠርሙስ ማነስ በሁለተኛው ይገድለዋል። የፋርማኮፒያው የ1916 እትም የዲጂታሊስን ጉልበት በእንቁራሪት ላይ የመለካት ዘዴ ያስገባው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጉልበቱ የሚዛባው ሁልጊዜ በክፋት አይደለም። ክዳኑ ያልጠበቀ ቲንክቸር (በአልኮል የተዘጋጀ ፈሳሽ መድኃኒት) አልኮሉ ይተንና የቀረው ይበረታል። የልብ መድኃኒቱ ናይትሮግሊሰሪን ደግሞ ራሱ ስለሚተን ክኒኑ ይደክማል። ዱቄቱ በደንብ ካልተቀላቀለ ከአንድ ጠርሙስ የወጡ ሁለት ክኒኖች እኩል አይሆኑም። ይህን መቆጣጠር የሠሪው ሥራ ነበር።

«ከፋርማኮፒያው የተለየ ነገር መሸጥ በጭራሽ አይቻልም ነበር»

ይቻል ነበር። የመድኃኒትህን ጉልበት ጠርሙሱ ላይ በግልጽ ከጻፍክ ሕጉ ይፈቅድልሃል። የሚቀጣው ሰው የጻፈውን ያላስቀመጠ ነው።

«ኦፒየምና ኮኬይን በዚህ ሕግ ታገዱ»

አልታገዱም። ሕጉ ያዘዘው አልኮልን፣ ሞርፊንን፣ ኦፒየምን፣ ኮኬይንን፣ ሄሮይንን ጨምሮ 11 ንጥረ ነገሮችና ከእነሱ የሚሠሩ ነገሮች መጠናቸው እንዲጻፍ ብቻ ነው። የቀረውን ይዘት መዘርዘር ግዴታ አልነበረም።

«ማጭበርበሩ ካልተረጋገጠ ሠሪው ነጻ ይወጣ ነበር»

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይምታታል። የጉልበት ጉዳይ ከሆነ የሠሪው ሐሳብ አይጠየቅም። የላቦራቶሪው ቁጥርና የጠርሙሱ ቁጥር ከተለያዩ ጥፋት አለ። የፈውስ ተስፋ ግን ሌላ ታሪክ አለው። በካንሳስ ሲቲ አንድ ሰው «ለካንሰር» የሚል መድኃኒት ሸጦ ተከሰሰ። በ1911 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዳኛ ሆልምስ ብዕር፣ ሕጉ የሚመለከተው የመድኃኒቱን ማንነት፣ ጉልበትና ጥራት እንጂ «ያድናል» የሚለውን ቃል አይደለም ሲል ወሰነ። ዳኛ ሂዩዝ ተቃውመው ጻፉ። ኮንግረስ በ1912 ሕጉን አሻሻለ፤ ግን የፈውስ ውሸት የሚያስቀጣው የማጭበርበር ሐሳብ ሲኖር ነው አለ። «እኔ እንደሚያድን አምኜ ነው» የሚል ሻጭን መርታት ከባድ ሆነ። ስለ ሚዛን የተሳሳተ እየተያዘ፣ ስለ ፈውስ የሚዋሽ ማምለጡ ያንገበግባል።

«"በሕጉ መሠረት ዋስትና የተሰጠው" የሚለው ጽሑፍ የመንግሥት ማረጋገጫ ነበር»

አልነበረም። ዋስትናውን የሚሰጠው ሠሪው ራሱ ነው፤ ጥቅሙ ችርቻሮ ሻጩን ከክስ ማዳን ነበር። መንግሥት የሰጠው የመዝገብ ቁጥር ብቻ ነው። ሕዝቡ ግን የመንግሥት ማኅተም መሰለው፤ ኋላ ጽሑፉ ከጠርሙስ ላይ እንዲነሳ ተደረገ።

«ሠሪዎቹ ወኅኒ ወረዱ»

ከአንድ ግዛት ወደ ሌላ ለተላከ መድኃኒት የመጀመሪያው ጥፋት ቅጣት ቢበዛ 200 ዶላር ነበር፤ በዋና ከተማዋ በዋሽንግተን ለሚመረት ግን ከዚህ ከፍ ይል ነበር። በ1908 ዋሽንግተን ውስጥ ሮበርት ሃርፐር የተባለ ሰው በራስ ምታት መድኃኒቱ ተከሰሰ። መድኃኒቱ ልብን የሚጎዳው አሴታኒላይድ ነበረበት፤ ስሙ ግን «የአንጎል ምግብ» ይላል። ሩዝቬልት እስር ፈልገው ነበር። የተፈረደው 700 ዶላር ነው።

በ1937 ደግሞ ከቴነሲ የወጣ «ኤሊክሲር ሰልፋኒላሚድ» የተባለ ፈሳሽ ከ100 በላይ ሰው ገደለ፤ ከሞቱት መካከል ብዙ ሕጻናት ነበሩ። መድኃኒቱ የሟሟው በመርዛማው ዳይኢቲሊን ግላይኮል ነበር። በሥራ ላይ የነበረው ግን ያው የ1906ቱ ሕግ ነው፤ መርዝ መሸጥን በቀጥታ የሚከስ አንቀጽ የለውም። ዐቃቤ ሕግ የያዘው አንድ ነገር ነበር። «ኤሊክሲር» አልኮል ያለበት ማለት ነው፤ በዚህ ጠርሙስ ውስጥ ግን አልኮል የለም። ድርጅቱ 26,100 ዶላር ተቀጣ። ሠሪው «ሶሉሽን» ብሎ ሰይሞት ቢሆን ኖሮ፣ ያ ክስ እንኳ አይቆምም ነበር።