ድርቅ ያለ ሶል ምንድን ነው? (ጉልበት አይሰጥም!)

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ «የድሮ የቆዳ ሳይክል ጫማ ጉልበት ይበላል፣ ካርቦን ሶል ካደረግክ የሰንዳፋን መንገድ ትበራለህ» ሲል ሰማሁትና በቃ ትዕግስቴ አለቀ። ወንድሜ፣ የካርቦን ሶል ልዩነቱ ድርቅ ማለቱ ነው፣ ሶል ድርቅ አለ ማለት ደግሞ ስትረግጠው አይታጠፍም ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም።

እኛ ለገጣፎ ክረምት ሲመጣ ጭቃው ላይ ጣውላ እንጥል የለ? ጣውላው አይራመድልህም፣ ክብደትህን ይበትንልህና እንዳትሰምጥ ያደርግሃል እንጂ። የድሮ ፔዳል ደግሞ እግርህን የሚያገኘው በሁለት ቀጫጭን የብረት ጠርዝ ነው፣ ሶሉ ስስ ቆዳ ብቻ ከሆነ ጠርዙ መርገጫህ ድረስ ይሰማሃል፣ ለዛ ነው ድሮም እንጨት ሶል ያላቸው፣ ውስጣቸው ብረት የገባባቸው ጫማዎች የነበሩት። ግን ጣውላው ጭራሽ የማይታጠፍ ሆኖ ላዩ ጉብ ያለ ነገር ካለበት እሱ ጋ ይወጋሃል አይደል፣ ካርቦንም እንደዛው ከጣት በታች ያለው ቦታ ላይ ግፊት ሊያበዛ ይችላል፣ እግሬ ተቃጠለ የሚሉት ወደው አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2016 ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተራ የሩጫ ጫማን ከተቆላፊ (ፔዳሉ ላይ ቀጭ ብሎ ከሚያዝ) የሳይክል ጫማ ጋር አወዳድረው በ50፣ በ100 እና በ150 ዋት ሰውነት የሚያወጣው ኢነርጂ ላይ ልዩነት አላገኙም። አዎ፣ ይሄ ቀስ ያለ ግልቢያ ነው፣ ስፕሪንት (ባለ በሌለ ኃይል መፈትለክ) ላይ እግር ከፔዳል ጋር መያያዙ ይጠቅማል፣ ግን መቆለፍ ሌላ፣ የሶል ድርቀት ሌላ። ፈረንሳዊው ብስክሌተኛ በርናር ኢኖ እ.ኤ.አ. በ1985 ቱር ደ ፍራንስን ሲያሸንፍም አዲሱ ነገር ሉክ የተባለው ኩባንያ የሠራው ተቆላፊ ፔዳሉ ነበር።

ያ ሰውዬ ታዲያ ከሳልባጅ የገዛውን የቆዳ ጫማ ይዞልኝ መጣ፣ «ጉልበቴን በላው፣ ከስሩ ካርቦን በማስቲሽ ለጥፍልኝ» ይላል። (መለጠፍ ይቻላል፣ ግን ሶሉ በወፈረ ልክ ኮርቻህን ከፍ ማድረግ አለብህ፣ ይሄን ማንም አይነግርህም። እና ቆዳ ሲረጥብ ከሰል አጠገብ አታድርቁ፣ እባካችሁ።) ገልብጬ ሳየው ክሊቱ (ከሶሉ ስር ሆኖ የፔዳሉን ጠርዝ የሚይዘው ቁራጭ) በሚስማር የተመታው የድሮው ባለቤት እግር ልክ ነው፣ የሱን ተረከዝ ወደ ውስጥ ያጣምመዋል። የቱን ጉልበትህን ነው የበላው ብለው ጎንበስ ብሎ የቀኙን ያዘልኝ!

የዚህ ጫማ ደንብ መጀመሪያ ያለ ክሊት መንዳት ነው፣ የፔዳሉ ጠርዝ ቆዳው ላይ መስመር ሲሠራ ክሊቱን በመስመሩ ልክ ትመታለህ። ሚስማሮቹን ነቅዬ ሰንዳፋ ደርሶ እንዲመለስ ላክሁት።