ካላጠብሁህ

ትሕትና ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ጎንበስ ብሎ ማገልገል ነው። እዚህ ባሕር ዳር ለዚህ የሚሰንፍ ሰው ብዙም አላየሁም። ሰንበቴ ላይ የሚቀዳው፣ ለንግሥ ድንኳን የሚተክለው፣ የታመመ የሚጠይቀው ሞልቷል። ጥሩ ነው። እኔ ዛሬ ማንሣት የፈለግኩት ግን ሌላውን ነው፤ ማጠብ ሳይሆን መታጠብ የሚያቅተውን ሰው። ራሴን ማለቴ ነው።

የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት በጀልባ ዘጌ ተሻገርን። ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ በቡናው ጫካ ውስጥ ነው የሚያልፈው፤ ድንጋይ ይበዛበታል። ስልኬን እያየሁ ስሄድ (ጥፋቱ የራሴ ነው) እግሬ ታጠፈና ወደቅሁ። መንገድ ዳር ቤታቸው ያለ አንዲት እናት ደግፈው አስገቡኝና መደብ ላይ አስቀመጡኝ። ውኃ ለብ አድርገው፣ ጨው ጨምረው፣ በሳፋ ይዘው መጡ። ከዚያ መሬት ቁጭ ብለው ተረከዜን ያዙ።

«ኧረ እማማ፣ ይተዉ! እኔ ራሴ አጥበዋለሁ።»

«ዝም በል። እንግዳ አይደለህ?»

አጥበው ሲጨርሱ እንደ ድሮው ወግ እግሬን ሳሙት። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ቶሎ ብዬ ብር አወጣሁ። አዩኝና «በረከቴን ልትገዛኝ ነው?» አሉ።

እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። በወቅቱ ያፈርኩት እሳቸውን አክብሬ ይመስለኝ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሚሰጥ እጅ ከላይ ነው፣ የሚቀበል ከታች። እኔ ከላይ መሆን ለምጃለሁ። ብሩን ያወጣሁት ቶሎ ወደ ቦታዬ ለመመለስ ነበር።

ጴጥሮስም እንዲሁ ነው። «የእኔን እግር ለዘላለም አታጥብም» ሲል ሰምተን ትሑት ነው እንላለን። ጌታ ግን አላመሰገነውም። «ካላጠብሁህ፥ ከእኔ ጋር ዕድል የለህም» አለው (ዮሐ. 13፥8)። ከበድ ያለ ቃል ነው። ይሁዳ እንኳ በዚያ ማዕድ ተቀምጦ ነበር፤ ይህ የተነገረው ግን አልታጠብም ላለው ነው።

ደግሞ የአማርኛችንን ቃል ልብ በሉት። «እርስ በርሳችሁ ትተጣጠቡ ዘንድ ይገባችኋል» ነው የሚለው። «እጠቡ» ብቻ ቢሆን ኖሮ ለእኔ ቢጤው ይመች ነበር። መተጣጠብ ግን ለአንድ ሰው አይሆንም። ሁሉም አጣቢ ልሁን ካለ እግሩን የሚዘረጋ ማን ሊሆን ነው?

ጌታ ራሱ የሰው አገልግሎት ተቀብሏል። ሳምራዊቷን «ውኃ አጠጪኝ» ብሏታል። ምዕራፍ 13 ላይ የደቀ መዛሙርቱን እግር ከማጠቡ በፊት፣ ምዕራፍ 12 ላይ ማርያም እግሩን ሽቱ ቀብታ በጠጉሯ ስታብሰው ዝም ብሏል። ሽቱው ተሽጦ ለድሆች ለምን አልተሰጠም ያለው ይሁዳ ነው። ጌታ «ተዉአት» አለ።

ያን ቀን እያነከስኩም ቢሆን ዑራ ደረስኩ። ከመቅደሱ ግድግዳ ሥዕሎች መካከል በላዔ ሰብእ አለ። ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ 78 ነፍስ የበላው ሰው በእመቤታችን ስም ለአንድ የተጠማ ምስኪን በሰጠው ጥርኝ ውኃ ምሕረት አገኘ። ስብከቱ ሁልጊዜ ስለ ሰጪው ነው። እኔ ግን በዚያ እግሬ ቆሜ ያየሁት የተጠማውን ነበር። ያ ምስኪን በነፍሰ ገዳይ ፊት ቆሞ ለመነ። መጀመሪያ ሲከለከልም አልተወም። እሱ «ከዚህስ ጥሜን ይዤ ልሂድ» ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ነፍሱ ለፍርድ ስትመዘን በላዔ ሰብእ ሚዛኑ ላይ የሚቀመጥለት ምን ነበረው?

የቆሎ ተማሪም ቢሆን አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለው ለቁራሹ ብቻ አይደለም። ቤቱ በሬና ላም ያለው ልጅም ደጅ ቆሞ ይለምናል። ነገ መሪጌታ ሲሆን የሰው ደጅ ምን እንደሚመስል ያውቃል ማለት ነው።

እየቻሉ ሰው ላይ መንጠላጠል ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም፤ ጳውሎስ በገዛ እጁ ሠርቶ ይበላ ነበር። የምለው፣ ስትታመም ጎረቤትህ ሾርባ ይዛ ስትመጣ «ለምን ተቸገርሽ» እያልክ አታሳቅቃት ነው። ወንድምህ ስህተትህን ሲነግርህም አድምጠው። ይህኛው ለእኔ ከሾርባው ይብሳል።

በአጥቢያችን ጸሎተ ሐሙስ ላይ ለዓመታት ሥራዬ ውኃ ማቀበል ነበር። ካህናቱ በወይራና በወይን ቅጠል የሕዝቡን እግር ሲያጥቡ እኔ ከጎን ቆሜ ማንቆርቆሪያ እሞላለሁ። በዚያው ዓመት፣ ከዘጌ በኋላ፣ ማንቆርቆሪያውን ለአንድ ልጅ ሰጠሁና ተራ ያዝኩ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ካልሲዬን ላወልቅ ስል አውራ ጣቴ ጋ ተቀዷል። አባ አዩት። ፈገግ አሉና እግሬን ወደ ሳፋው ሳብ አደረጉት።