«ሰኔና ሰኞ ገጠመብኝ»

እዚህ ሐዋሳ፣ ጓሮዬ ውስጥ የጎመን ችግኝ ላዛውር ስቆፍር፣ ጎረቤቴ እማማ በአጥሩ አሻግረው አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ ጨረቃዋ ሳትሞላ? ደግሞ በሰኔና ሰኞ!»

በጨረቃዋ አልከራከራቸውም። እሳቸው ስትሞላ ጠብቀው ነው የሚተክሉት፣ ጎመናቸውም ከእኔ ይበልጣል (ፍግ ስለሚያበዙ ይመስለኛል)። ሰኔና ሰኞ ግን ሌላ ነገር ነው።

ነገር ሁሉ በአንዴ ሲጠምምብን «ሰኔና ሰኞ ገጠመብኝ» እንላለን። ስልክህ በተሰረቀ ማግስት አከራይህ ኪራይ ሲጨምር ማለት ነው። መነሻው ቀን መቁጠሪያው ነው፤ ሰኔ 1 ሰኞ ከዋለ ያ ዓመት አይቀናም ይባላል። ለምን ሰኔ? ጎተራው እየተሟጠጠ ሥራው የሚበዛበት ወር ስለሆነ ይመስለኛል፤ ገበሬው ከተረፈችው እህል ላይ ለልጆቹም ለዘርም ማካፈል አለበት። ሰኞ ደግሞ ከእሁድ ዕረፍት በኋላ ሥራ «ሀ» የሚባልበት ቀን ነው። ለየብቻቸው ሁለቱም ክፉ አይደሉም። የሚከብደው መግጠማቸው ነው፣ «ገጠመ» የሚለው ቃልም ከአባባሉ የማይለየው ለዚህ ይመስለኛል።

ስሌቱ ቀላል ነው። መስከረም 1 ሐሙስ ከዋለ ሰኔ 1 ሰኞ ይሆናል። በ1990፣ በ2001፣ በ2007፣ በ2012 ገጥሟል፣ 2018ም እንዲሁ፤ ቀጣዩ 2029 ነው። ጨረቃ እዚህ ውስጥ የለችበትም። «2012 የኮሮና ዓመት አልነበረም እንዴ?» ይሉኛል እማማ። ነበር። የ77ቱ ረሃብ ጊዜ ግን፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ባለቀበት ዓመት፣ ሰኔ 1 የዋለው ቅዳሜ ነው። ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው ጎመናቸውን ያጠጣሉ።

ደግሞ የአባባሉ ሰኔ የደጋው ሰኔ ነው፣ ክረምቱ የሚገባበት። እኛ ጋ የበልጉ ዝናብ ቀደም ብሎ ይጀምራል። ሲዳማም የራሱ ቆጠራ አለው፤ የዘመን መለወጫውን፣ የፍቼ ጨምበላላን ቀን የሚወስኑት ሰማዩን፣ ከዋክብቱን የሚያዩ አዋቂዎች ናቸው፣ በዓሉም በዓለም አቆጣጠር በ2015 በዩኔስኮ ተመዝግቧል።

ለማንኛውም ችግኙን ማክሰኞ አዛወርኩት። እማማን ማስከፋት አልፈለግኩም፣ ፍጉንም ከእሳቸው ነው የምወስደው።