ለጦርነት የተወሰዱት የእንፋሎት ዓሣ አስጋሪ መርከቦች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የብሪታንያ ባሕር ኃይል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መረብ ጎታች የእንፋሎት መርከቦችን፣ በተለምዶ ትሮለር የሚባሉትን፣ በመቶዎች እየወሰደ አስታጥቋል። ስለ እነሱ የሚወራው ግን ግማሹ ልክ አይደለም። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«መንግሥት ወረሳቸው»

አልወረሳቸውም። አብዛኞቹ የተወሰዱት በኪራይ ነው። ባለቤቱ ኪራዩን ይቀበላል፤ ከጦርነቱ የተረፈችው መርከብ ትመለስለታለች፤ ለሰጠመችው ካሳ ይከፈለዋል። ባሕር ኃይሉ ገዝቶ የራሱ ያደረጋቸውም አሉ። ሙንስቶን የተባለችው፣ ከታች የምናነሣት፣ ከእነዚህ አንዷ ናት።

«መድፍ ተተከለባቸው፣ አለቀ»

ሥራው ከዚያ በጣም ይበልጣል። የዓሣ መጋዘኑ ተጠርጎ የሠራተኞች መኝታና መመገቢያ ይሆናል። ከፊት ከፍ ባለ መድረክ ላይ መድፍ ይቆማል፤ ከኋላ የጥልቀት ቦምብ (ውኃ ውስጥ ሰምጦ በተሞላለት ጥልቀት የሚፈነዳ ቦምብ) መጣያ ሐዲድ ይገጠማል። ላይኛው ክፍል ስለሚከብድ ሚዛን እንዳትስት ከታች ክብደት ይጨመርባታል። ሰርጓጅ መርከብ አዳኝ የምትሆን ከሆነ የመረብ ዊንቿ (መረቡን የሚጎትተው መጠምጠሚያ) ተነቅሎ ከሆዷ ሥር አዝዲክ የሚባለው፣ ሰርጓጅን በድምፅ የሚፈልግ መሣሪያ ይገባል።

ፈንጂ ጠራጊ የምትሆነው ግን ዊንቿን ይዛ ትቀራለች፤ ዋናው መሣሪያዋ እሱ ነውና። ረጅም የብረት ገመድ ከኋላዋ ትለቃለች። የመረብ አፍ ከፍቶ ከሚይዘው ሰሌዳ የተወረሰ ሌላ ሰሌዳ ገመዱን ወደ ጎን ይስበዋል፤ በላዩ ያለ ተንሳፋፊ እንዳይሰጥም ይይዘዋል፤ ወደ መርከቧ የቀረበው ሁለተኛ ሰሌዳ ደግሞ ገመዱን በሚፈለገው ጥልቀት ያቆየዋል። ገመዱ ፈንጂውን ከባሕር ወለል ጋር የያዘውን ማሰሪያ ሲያገኝ መቁረጫው ይቆርጠዋል፤ ፈንጂው ወደ ላይ ይወጣና በጠመንጃ ይመታል። ዘዴው ኦሮፔሳ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከተሞከረባት ትሮለር ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ይህን ለመልመድ ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም። በከባድ ማዕበል ከባድ ነገር ቀስ ብሎ መጎተት የዕለት ሥራቸው ነበር።

ጉድለቱም አለ። ገመዱ የሚጠርገው ከኋላና ከጎን ያለውን ነው፤ መርከቦች ተከታትለው ሲጠርጉ መሪዋ መርከብ ራሷ ያልተጠረገ ውኃ ላይ ናት። የትሮለር ቀፎ (የመርከቧ አካል) ደግሞ ውኃ ውስጥ ጠልቆ ይገባል። ባሕሩ ሲሸሽ ፈንጂው ወደ ቀፎው ስለሚቀርብ ጠረጋው ውኃው ሲሞላ ቢሆን ይመረጣል። የተከተሉት መርከቦች ከፊታቸው ያለችው በጠረገችው መስመር ይሄዳሉ። ጀርመኖች በ1939 የጣሉት ማግኔታዊ ፈንጂ ግን ይህን ሁሉ ከንቱ አደረገው፤ ባሕር ወለል ላይ ስለሚተኛ የሚቆረጥ ማሰሪያ የለውም፣ የሚቀሰቅሰውም የመርከቡ ብረት ነው።

«ሰርጓጅ መርከብ አሳድደው ይይዙ ነበር»

ሰርጓጁ ውኃ ውስጥ ካልገባ በቀር አይደርሱበትም። የከሰል ትሮለር ፍጥነት ከ10 እስከ 12 ኖት ነው (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው)። በብዛት የተሠራው የጀርመን ሰርጓጅ ውኃ ላይ ወደ 17 ኖት ይሮጣል፤ ውኃ ውስጥ ከገባ በኋላ ከ8 ኖት አያልፍም። ቀርፋፋነቱ ቦምብ ሲጣልም ያስቸግራል። የጥልቀት ቦምብ በሰከንድ 3 ሜትር ግድም ይሰምጣል። 15 ሜትር ላይ እንዲፈነዳ ቢስተካከል በ5 ሰከንድ ይፈነዳል፤ በ12 ኖት የምትሄደው መርከብ ግን እስከዚያ የራቀችው 30 ሜትር ብቻ ነው። የገዛ ቦምቧ ኋላዋን ይጎዳዋል።

«ከሰርጓጅ ጋር ፊት ለፊት ከገጠመች አለቀላት»

ይህን የሚያፈርሰው ታሪክ የሚነሣው ከእኛው አካባቢ፣ ከምጽዋ ነው። ጣሊያን ምጽዋ ላይ የሰርጓጅ ጦር ሰፈር ነበራት። ከዚያ የወጣችው ጋሊሊዮ ጋሊሌይ የተባለች ሰርጓጅ በጁን 1940 ጄምስ ስቶቭ የተባለችውን የኖርዌይ ነዳጅ ጫኝ አሰጠመች። ጁን 19 ቀን ኤደን አጠገብ ሙንስቶን በአዝዲክ አገኘቻትና የጥልቀት ቦምብ ጣለችባት። ሰርጓጇ ወጥታ በመድፍ ገጠመቻት። ባለ 100 ሚሊ ሜትር ሁለት መድፍ ነበራት፤ ሙንስቶን ያላት ባለ 102 አንድ መድፍና ቀላል መትረየስ ነው። በቁጥር ሲታይ ጣሊያኖቹ ይበልጣሉ። ነገር ግን ሰርጓጅ ላይ ተኳሾቹ መከለያ የላቸውም፤ ትሮለሯ ተጠግታ በመትረየስ አጸዳቻቸው። አዛዡ ኮራዶ ናርዲ ተገደለ፣ የቀሩት እጅ ሰጡ። ሰርጓጇን ካንዳሃር የተባለው አጥፊ መርከብ ወደ ኤደን ጎተታት፤ ከውስጧ የተገኙት ሰነዶችም ለእንግሊዞች ብዙ ጠቀሙ።

«የእንግሊዝን ዳርቻ ብቻ ይጠብቁ ነበር»

ከሙንስቶን ሌላ ቤድፎርድሻየር አለች። በ1935 የተሠራች፣ ከግሪምስቢ ዓሣ ታሰግር የነበረች ናት። በ1942 መጀመሪያ ሰርጓጆች የአሜሪካን ምሥራቅ ዳርቻ ሲያምሱ ብሪታንያ 24 ትሮለሮች ላከች፤ እሷም አብራ ሄደች። በሜይ 1942 ኖርዝ ካሮላይና አጠገብ የጀርመኑ ሰርጓጅ ዩ-558 በቶርፔዶ መታት። የነበሩባት 37 ሰዎች በሙሉ አለቁ፤ የድረሱልኝ ጥሪ አልተላለፈም። መጥፋቷ የታወቀው ኦክራኮክ ደሴት ላይ አስከሬን ሲገኝ ነው፤ አራቱ እዚያው ተቀብረዋል።

«ሠራተኞቹ ዓሣ አጥማጆች ብቻ ነበሩ»

ዋናዎቹ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ፤ ሎውስቶፍት ላይ ማዕከል ያለው የራሳቸው ክፍል ነበራቸው። አዝዲክ ሰሚው፣ መድፈኛውና ብዙ መኮንኖች ግን ከሌላ ሥራ የመጡ ናቸው። የሙንስቶን አዛዥ ዊልያም ሙርማን ራሱ የመደበኛው ባሕር ኃይል ሰው ነበር።