ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ

ታኅሣሥ ሲጋመስ ባሕር ዳር ውስጥ ልብስ ሰፊ ማግኘት ጭንቅ ነው። ሁሉም "ለጥምቀት አድርስልኝ" ይላል። ቅዳሜ ገበያ ነጠላና ጥለት የሚሸጡት እናቶች ቀና ብለው ለማውራት እንኳ ጊዜ የላቸውም። ቴሌግራሙም ቀሚስ በቀሚስ ይሆናል፤ ፈትሉ፣ ሽፎኑ፣ "ዘንድሮ የገባ" የሚባለው። ወጣቱ ደግሞ በቡድን ተመካክሮ አንድ ዓይነት ቲሸርት ያሳትማል። "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" የሚለው ተረት በዚህ ሰሞን ሥራ አይፈታም።

ተረቱን አልጠላውም። ታቦት ሲወጣ ነጭ ለብሶ፣ ነጠላን መስቀለኛ አጣፍቶ መውጣት ያምራል። እናቶቻችን ከዓመት ዓመት ሣጥን ውስጥ ያቆዩትን ቀሚስ የሚያወጡት ለታይታ ብለው አይደለም፤ ቀኑን ለማክበር ነው። ስለዚህ "አትልበሱ" የሚል ትምህርት ከእኔ አትጠብቁ።

ግን ወንጌሉን እንክፈት። ሉቃስ ምዕራፍ 3 ላይ ሕዝቡ ሊጠመቅ ወደ ዮሐንስ ወጥቷል። ዮሐንስ በቁጣ ነው የተቀበላቸው፤ "እናንት የእፉኝት ልጆች" ብሎ። ደነገጡና "እንግዲህ ምን እናድርግ?" አሉት። ይህን ጥያቄ ዛሬ አንድ መምህር ፊት ብናቀርብ ስለ ጾም ወይም ስለ ስግደት ይነግረናል ብለን እንጠብቃለን። የዮሐንስ የመጀመሪያ መልስ ግን ስለ ልብስ ነበር። "ሁለት ልብሶች ያሉት ለሌለው ያካፍል" አላቸው (ሉቃ. 3፥11)። ይህን የሚናገረው ሰው ራሱ የግመል ጠጉር ለብሶ፣ ወገቡን በጠፍር ታጥቆ ነው።

ቦታውን ልብ በሉ። ዮርዳኖስ ዳር ነው። ጠያቂዎቹ ሊጠመቁ የመጡ ናቸው። እኛ ለጥምቀት ስንዘጋጅ የምናስበው ስለምንጨምረው ልብስ ነው። ዮሐንስ የጠየቀው ስለሚቀነሰው ነው። ደግሞ ሁለት ነው ያለው፤ ዐሥር አላለም። ሁለት ልብስ ያለው ሰው ሀብታም አይባልም። ቁም ሣጥኑ አልዘጋ ያለውን የእኛን ቤት ቢያይ ምን ይል ነበር?

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ልብስ ሲያነሣ ዱካውን ብትከተሉት ብዙ ጊዜ የሚያደርሳችሁ ልብስ የሌለው ሰው ጋ ነው። በኦሪት ዘፀአት 22 የድሀን ልብስ በመያዣ የወሰደ ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲመልስ ታዟል፤ ሌሊት የሚሸፈንበት ሌላ የለውምና። በኢዮጴ ጣቢታ ስትሞት መበለቶቹ እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩት እሷ የሠራችላቸውን ልብስ ነው (ሐዋ. 9፥39)። በመጨረሻው ፍርድ ደግሞ "ታርዤ አልብሳችሁኛል" የሚል ቃል ይጠብቀናል (ማቴ. 25፥36)። እኛ ግን ስለ ልብስ ሰብከን ስንጨርስ አብዛኛውን ጊዜ በእጃችን የሚቀረው የእኅቶቻችን ሱሪ ብቻ ነው። ይህ ያሳስበኛል።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች "ከክርስቶስ ጋር አንድ ትሆኑ ዘንድ የተጠመቃችሁ ሁሉ ክርስቶስን ለብሳችኋልና" ብሏል (ገላ. 3፥27)። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ያንን ልብስ ለብሰናል። የሚኒስትሩም ልጅ የቀን ሠራተኛዋም ልጅ በዚያው ውኃ ገብተው ወጥተዋል። ለአንዱ የተሻለ፣ ለሌላው ያነሰ ክርስቶስ አልተሰጠም። ታዲያ ካደግን በኋላ ሰውን በጨርቅ ደረጃ ማውጣቱን ማን አስተማረን?

የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 2ን ባሕር ዳር ላይ ሆኖ ማንበብ ቀላል ነው። የወርቅ ቀለበት ያደረገውን "በመልካም ስፍራ ተቀመጥ"፣ እድፋም ልብስ የለበሰውን "ወደዚያ ቁም" የሚሉ ሰዎችን ነው የሚወቅሰው። አንድ ገበሬ ከወረዳ ይመጣል እንበል። ቁምጣ ለብሷል፤ ጋቢውን ደርቧል፤ ዱላው ትከሻው ላይ ነው፤ ኮንጎ ጫማው አቧራ ጠጥቷል። ከሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች ወደ አንዱ ሊገባ ሲል ዘበኛው "አንተ፣ ወዴት ነህ?" ይለዋል። ከኋላው ሱፍ ለብሶ የመጣው የሃያ አምስት ዓመት ጎረምሳ ግን "ይግቡ ጌታዬ" ይባላል። ገበሬው አባቱ ይሆናል። በዕድሜ የተሰጠውን "እርስዎ" ጨርቅ ነጠቀው።

ሆቴሉስ ንግድ ነው እንበል። በእኛ ጉባኤ ላይ የፊት ወንበር የሚለቀቀው ለማን ነው? በሠርግ ድንኳን "ወደዚህ ይለፉ" የሚባለው ማነው?

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራና ዲማ ስማቸው የታወቀ ነው። ያም ሆኖ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ "በእንተ ስማ ለማርያም" ብሎ በር ላይ የሚቆመውን የቆሎ ተማሪ ቁራሽ ወርውረን እንሸኘዋለን፤ ውሻ የሚለቅበትም አለ። "ተዉ፣ ይህ ልጅ ነገ ጳጳስ ይሆናል" የሚል መካሪ አይጠፋም። ምክሩ ደግ ነው፤ ግን አያረካኝም። ነገ ትልቅ ሰው ይሆናል ብለን ካከበርነው ያው ልብስ ነው ያከበርነው። ዛሬ የለበሰውን ደበሎ ትተን ወደፊት ለሚለብሰው ካባ ሰገድን ማለት ነው። ጳጳስ ባይሆንስ? ጥምቀቱ አይበቃውም?

ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ የሄዳችሁ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች አይታችኋል። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወግ ቅዱሳን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሳላሉ። ክፉዎቹ፣ ለምሳሌ ጌታን የገረፉት፣ በጎን ይሳላሉ፤ አንድ ዓይን ብቻ ይታያል። ፊደል ያልቆጠረ ምእመን እንኳ ማን ከማን ወገን እንደሆነ በዚህ ይለያል። ሠዓሊው ይህን ለማድረግ መብት አለው። ታሪኩ አልቋል፤ ገድሉ ተጽፏል፤ ማን እንዴት እንደጨረሰ ያውቃል። እኛ ግን ገና ታሪኩ ያላለቀውን ሰው መንገድ ላይ አይተን በጎን እንስለዋለን። ፀጉሩን ጎንጉኗል፣ ንቅሳት አለባት፣ ጂንሱ ተቀዷል፤ በቃ፣ አንድ ዓይን ሰጠነው።

በዚያ ላይ የበላዔ ሰብእን ታሪክ ሁላችንም ሰምተናል። በተአምረ ማርያም እንደምናነበው ያ ሰው በላ የነበረ ሰው በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድውይ ጥርኝ ውኃ ሰጠ፤ በፍርድ ሚዛን ላይ ያች ውኃ አዳነችው። በዚያን ቀን መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ቢኖር እግሬ አውጪኝ ብሎ ይሸሽ ነበር እንጂ "ይህ ሰው ይድናል" አይልም። ነቢዩ ሳሙኤልም ቢሆን የኤልያብን መልክና ቁመት አይቶ "የሚቀባው ይህ ነው" ብሎ ነበር። "ሰው ፊትን ያያል፥ እግዚአብሔር ግን ልብን ያያል" የተባለው ለእሱ ነው (1ኛ ሳሙ. 16፥7)። ነቢይ ከተሳሳተ እኛማ…

በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሱሪ የለበሰችን ልጅ ጮኾ የሚመልስ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል። ሥርዓት የለም እያልኩ አይደለም። ሥርዓቱ አለ፤ መልካምም ነው። የሚያስተምረው ግን የንስሐ አባት አለ፤ የሚነገርበትም ቃና አለ። ምናልባት ያቺ ልጅ ከስንት ጊዜ በኋላ እግሯን ወደ ደጀ ሰላም ያነሣችው በዚያች ጠዋት ይሆናል። ነጠላ አውሷትና ትግባ። ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል።

የዚህ ፍርድ ግልባጭም አለ፤ እሱም ያው ነው። ያጌጠችን እኅት ሲያዩ "ዓለማዊት" ብሎ መፈረጅ፣ ቢጫ የለበሰውን ሁሉ ባሕታዊ ነው ብሎ እግሩ ሥር መውደቅ። ጌታ የበግ ለምድ ለብሰው የሚመጡ እንዳሉ አስጠንቅቋል፤ በቢጫ ልብስ የተጭበረበረ ምእመንም ጥቂት አይደለም። በሌላ በኩል ወታደሮች የጌታን ልብስ ተካፍለው ራቁቱን በሰቀሉት ቀን፣ በንጹሕ በፍታ የከፈነው ባለጸጋው ዮሴፍ ዘአርማትያስ ነው። ጥሩ ጨርቅ የነበረው ሰው ጨርቁን ለማን እንደሚያወጣ ያውቅ ነበር።

ስለ ሸማኔው ሳልናገር ማለፍም አልሆነልኝም። አያቶቻችን ሸማውን ለብሰው ሸማኔውን ይሰድቡ ነበር። ልጃቸውን አይድሩለትም። ባለሙያን መስደብ በአፄ ምኒልክ አዋጅ እስኪከለከል የደረሰ ነገር ነው። "የጸራቢ ልጅ" ተብሎ የተናቀውን ጌታ እያመለክን የእጅ ሥራን መናቃችን ይገርማል። ዛሬ ስድቡ ቀንሷል። ነገር ግን ቡቲክ ውስጥ የተለጠፈውን ዋጋ ሳንናገር ከፍለን፣ ሳምንታት ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ የሸመነውን ሰው "ምንድነው ይሄ፣ ቀንስ እንጂ!" እንላለን። ባሕር ዳር ደግሞ ከጣልያን የጦር ካሣ በተተከለ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ደመወዝ ልጆቿን ያሳደገች ከተማ ናት። የሸማን ላብ ልታውቅ ይገባታል።

ወደ ብክነቱ እንምጣ። ለሠርጉ አንድ፣ ለመልሱ አንድ፣ ለቅልቅሉ ሌላ። ሚዜዎቹም እንደዚያው። ዕቁቡ ይበላል፤ አልበቃ ሲል በዱቤ ይሞላል። ልብሱ ለአንድ ቀን ተለብሶ ዕዳው ዓመት ይከፈላል። ወጣቶቹ ጋ ደግሞ "በአንድ ልብስ ሁለቴ ፎቶ አልነሣም" የሚል ፈሊጥ መጥቷል። ፌስቡክ ላይ የታየ ልብስ አረጀ ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሚደረገው አዲሱን የሚያይልን ሰው ስላለ ይመስለናል። እውነቱን ለመናገር ሰው የሚያየው የራሱን ፎቶ ነው።

ጌታችን "ስለ ልብስስ ስለ ምን ትጨነቃላችሁ?" ብሎ የሜዳ አበቦችን አሳየን፤ ሰሎሞን እንኳ በክብሩ ሁሉ እንደ እነርሱ አልለበሰም አለ (ማቴ. 6፥28-29)። የመስከረምን አደይ ለሚያውቅ ሰው ይህ ማስረጃ አይፈልግም። የሰሎሞንን ነገር ከዚህ ከቅርብ ማየት የሚሻ ደግሞ በጣና ሐይቅ ላይ ያለውን የዳጋ እስጢፋኖስን ገዳም ያስብ። ጎንደርን የቆረቆሩት የአፄ ፋሲል አስከሬን ከሌሎች ነገሥታት ጋር በዚያ ደሴት በሣጥን ተቀምጧል። ሐዋርያው "ምግብና ልብስ ከኖረን ግን፥ እርሱ ይበቃናል" ያለው (1ኛ ጢሞ. 6፥8) ለመነኮሳት ብቻ አልነበረም።

በ4ኛው መቶ ዘመን የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ ምእመናኑን፣ ሣጥናችሁ ውስጥ የቆለፋችሁት ልብስ የታረዘው ሰው ንብረት ነው፣ ጫማችሁም እቤት እየሻገተ ያለው የባዶ እግረኛው ነው ብሎ አስተምሯቸዋል። ስጡ ከማለት ይከብዳል። ባለቤቱ ሌላ ነው፣ መልሱለት ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ተግባሩ። ከከተማችን ውስጥም ዙሪያም ከቀያቸው ተፈናቅለው የመጡ ወገኖች አሉ። የሐይቁ ነፋስ ማታ ማታ ሲነሣ ብርድ ልብስ የሌለው ሕፃን አለ። ልብስ የምትሰጡ ከሆነ አጥባችሁ፣ ተኩሳችሁ፣ የረገፈውን ቁልፍ ተክላችሁ ስጡ። የተቀደደውን ለወለል መወልወያ አድርጉት፤ ለሰው አይሰጥም። ከሁለቱ የተሻለውን መስጠት ከቻላችሁ ደግሞ እሰየው። በግል ማድረስ ካልቻላችሁ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወይም ዕድራችሁ ያደርስላችኋል። ከበዓሉ በኋላ የተረፈውን ከመሰብሰብ ከበዓሉ በፊት ብታደርጉት እነሱም ለጥምቀት ይለብሱታል።

ስትሰጡ ፎቶ አታንሡ። ልብስ የሚቀበል ሰው ፊቱን ለፌስቡክ አልሸጠላችሁም። የልጆች ዩኒፎርምና ጫማ ያላችሁ ደግሞ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አትያዙት፤ ምዝገባው ሲጀመር ልጁ በእጁ ይኑረው።